የቦርዶ ቀይ ወይን፦ 2016 ከ2013 ይህን ያህል የሚወደደው ለምንድን ነው?

ዮኒ_ዱባይ
ሰላም ቤቶች። ዱባይ ውስጥ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። የወይን ዝርዝራችን ላይ ሻቶ ሊንች-ባዥ የሚባል የፈረንሳይ ቀይ ወይን አለ። ቦርዶ አካባቢ፣ ፖያክ በሚባል ቦታ ነው የሚመረተው። ስሙ አንድ፣ እርሻው አንድ፣ ጠርሙሱም አንድ ዓይነት። የ2013ቱና የ2016ቱ ዋጋ ግን አይገናኝም። እንግዳ «ለምን?» ሲለኝ «2016 ጥሩ ዓመት ነበር» እላለሁ። «ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚቀጥል ሲመጣ አፌ ይያዛል። አለቃዬ የሰጠን ወረቀት «ጥቁር ከረንት፣ ዝግባ፣ እርሳስ» ይላል፤ ይህን ሸምድዱ ነው የተባልነው። መሸምደድ ሰልችቶኛል። የዓመቱን ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ ከሥሩ ያስረዳኝ። እርሳስ ደግሞ ማን ቀምሶ ነው?

ብሩክ_ሲኤምሲ
ወንድሜ፣ ይሄ የነጋዴ ጨዋታ ነው። በየሁለት ዓመቱ «የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ምርት» ይሉሃል። ስንት ክፍለ ዘመን ነው ያላቸው? ያው ወይን ነው፣ ልዩነቱ ከሂሳቡ ላይ ነው።

አቤል_ገርጂ
ምን ያካብዳሉ፣ 2016 እኮ ገና ትናንት ነው። አክስቴ ከፓሪስ ያመጣችልኝ ራሱ ሊንች-ባዥ አለኝ፣ 2016 ይላል። ወይን ሲቆይ ነው የሚጥመው ሲባል ሰምቼ ቡፌ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ማርታ_ሜዶክ
አቤል፣ የፈረንጅ 2016 ነው! በእኛ አቆጣጠር ፍሬው የተለቀመው 2009 መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያንተ ጠርሙስ ትናንት የተወለደ አይደለም። ቡፌውን ግን እመለስበታለሁ፣ እስከዚያ ፀሐይ ከሚመታው ቦታ አንሳው።

ዮኒ፣ እኔ እዚሁ ሜዶክ ነው የምኖረው። ከቦርዶ ከተማ ወደ ሰሜን፣ የዢሮንድን ውኃ ግራ ዳር ይዞ የሚወጣው መሬት ሜዶክ ይባላል። ፖያክም እዚያው ነው። በለቀማ ጀምሬ አሁን መጥመቂያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ሊንች-ባዥ ግን አይደለም። ሰፈሩ ግን አንድ ነው፤ ዝናቡም የዘነበው በሁላችንም ላይ ነው።

2016ን ለመረዳት ዓመቱን ለሁለት ቁረጠው። ከጃንዋሪ እስከ ጁን አጋማሽ ዝናብ ነው። ቀልድ አይምሰልህ። መሬቱ ውኃ ጠግቦ ትራክተር መግባት ያቃተው ጊዜ ነበር። ቅጠሉ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ነጠብጣብ መውጣት ጀመረ፤ ሚልዲው ይሉታል፣ ከርጥበት የሚመጣ በሽታ ነው። መድኃኒት ትረጫለህ፣ ዝናቡ ያጥበዋል፣ እንደገና ትረጫለህ። የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ 2013 ነበር። «መጣብን» ነው ወሬው።

ከዚያ አበባው መጣ። የወይን አበባ ዓይን አይሞላም፣ ጠጋ ብለህ ካላየኸው አታውቀውም። ያቺ ጥቃቅን ነገር ግን ዓመቱን ትወስናለች። ሲያብብ ቢዘንብና ቢበርድ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ያልረገፈውም ቢሆን አንዱ ፍሬ ትልቅ፣ ሌላው ቁንጫ የሚያህል ሆኖ በአንድ ዘለላ ላይ ይቀመጣል። በ2013 የሆነው ይህ ነው። ሜርሎ የሚባለው ዝርያ በተለይ ተመታ። በ2016 ግን ጁን መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ፋታ ሰጠ። አበባው በዚያች ፋታ ውስጥ አለፈ። ፍሬው በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ያዘ። የመጀመሪያው ዕድል ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ ደረቀ። ጁላይና ኦገስት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሰው እዚህ ጋ «ድርቅ ከሆነማ መጥፎ ነው» ይላል። ቀይ ወይን ላይ ግን ልክ ያለው ጥማት ጥሩ ነው። ሐረጉ ውኃ ሲያጣ ቀንበጥ ማውጣቱን ያቆምና ጉልበቱን ፍሬው ላይ ያውለዋል። ፍሬው ትንሽ ይሆናል፣ ልጣጩ ይወፍራል። ቀለሙም፣ ታኒኑም፣ አብዛኛው ሽታም ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ጭማቂውማ ነጭ ነው፣ ጨምቀህ እየው። ታኒን ማለት ጠቆር ያለ ሻይ ስትጠጣ ድድህን የሚይዝህ ያ ነገር ነው። ቀይ ወይንን ለዓመታት የሚያቆየውም እሱ ነው።

ጥማቱ ልክ ካለፈ ግን ሐረጉ ይዘጋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ፍሬው መብሰሉን ያቆማል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ሲከር ሥሩ ያልጠለቀ ወጣት ሐረግ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ያረጀው ሐረግ ተረፈ። ለምን? የፖያክ መሬት ላዩ ጠጠር ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ጭቃ ያለበት ቦታ አለ። ያ ሁሉ የረገምነው የጸደይ ዝናብ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን። ሥሩ የጠለቀው እሱን እየመጠጠ ድርቁን ተሻገረ።

ሴፕቴምበር 13 ዘነበ። በእኛ መስከረም 3፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ደህና አድርጎ ዘነበና ሐረጉን አነቃው። ከዚያ እንደገና ፀሐይ፣ ቀን ሞቅ ሌሊት ቀዝቀዝ። ማንም አላጣደፈንም። ሜርሎው ሴፕቴምበር መጨረሻ ተለቀመ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ ኦክቶበር ውስጥ ገብቶ። ዮኒ፣ ለእንግዳህ አንድ ነገር ብቻ መንገር ካለብህ ይህን ንገረው፦ በ2016 ለቃሚው ፍሬው እስኪበስል መጠበቅ ችሏል፤ በ2013 አልቻለም።

ዮኒ_ዱባይ
ማርትዬ እጅሽ ይባረክ! አሁን ገባኝ። 2013 ላይ ምን አጣደፋቸው?

ማርታ_ሜዶክ
ብስባሽ። ጸደዩ ቀዝቃዛ ስለነበር ሁሉም ነገር ዘግይቷል። ጁላይ ደህና ሞቆ ነበር፣ አልክድም። ኦገስት መጀመሪያ ላይ አንትር-ዱ-ሜር የሚባለውን ሰፈር በረዶ ወርዶ ደበደበው። ከዚያ ለቀማው ሲደርስ ሞቃትና እርጥብ አየር መጣ፣ ዝናብም ተጨመረበት። እንዲህ ባለ አየር ፍሬው በቀናት ውስጥ ይሻግታል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ሳይበስል መልቀም ወይ ሲበሰብስ ማየት። ብዙው ሰው ለቀመ። ምርቱም ከ1991 ወዲህ ከነበሩት ሁሉ ያነሰ ሆነ።

እዚህ ጋ ለ2013 ጠበቃ ልሁንለት። ቀላል ወይን ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ዛሬ ብትከፍተው አያስቸግርህም። የ2016ቱን ገና ያልደረሰ ወይን ዛሬ ከፍቶ ፊቱን ከሚያኮሳትር እንግዳ ይልቅ 2013ን አዝዞ ደስ ብሎት የሚሄደው ሊበልጥ ይችላል። አስተናጋጅ ብሆን ውዱን ብቻ አልገፋም ነበር።

ብሩክ_ሲኤምሲ
እሺ ዝናብ ነው እንበል። ታዲያ ዝናብ ካመጣው ባለቤቶቹ በምን ይኮራሉ? ዕድል ነው እኮ።

ጋሽ_ተፌ
ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። በጡረታ ላይ ያለሁ የእርሻ ባለሙያ ነኝ። ብሩክ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ዝናቡ ዕድል ነው፤ ከዝናቡ በኋላ የሚደረገው ግን ዕድል አይደለም።

ማርታ የጠቀሰችውን ሚልዲው እንያዝ። እኛ በተማርንበት ዘመን ቲማቲምና ድንች ላይ የምንረጨው ሰማያዊ መድኃኒት ነበር፣ ቦርዶ ሚክስቸር ይባላል። የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በውኃ ነው። ስሙን ስንጠራ ኖረናል፣ ቦርዶ የት እንዳለች ግን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ነገሩ የተገኘው እዚያው ሜዶክ፣ ከፖያክ አጠገብ ባለችው ሴን-ዡልየን ነው። ገበሬዎቹ መንገድ ዳር ያለውን ወይን አላፊ አግዳሚ እየቀጠፈ ሲበላባቸው መዳብና ኖራ ይረጩበት ነበር። ሰማያዊ ሲሆን መርዝ ይመስላላ! ሌባ ይሸሻል። በ1882 ሚላርዴ የተባለ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ምሁር በዚያ ሲያልፍ በሽታው ሌላውን ሁሉ ሲያራግፈው የመንገድ ዳሩ ሐረግ ቅጠሉን እንደያዘ አየ። ጠየቀ፣ ሞከረ፣ በ1885 አሳተመው። ዛሬ ድረስ ኦርጋኒክ የሚያመርቱት ሳይቀሩ መዳብ ይረጫሉ። በ2016 ጸደይ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ መቼ እንደሚረጭ የሚያውቅና የማያውቅ ተለይቷል።

ብሩክ_ሲኤምሲ
ጋሼ ይሄንን አላውቅም ነበር። ሌባ ማባረሪያ ነበር ማለት ነው? ሃሃ።

ሰናይት_ፓሪስ
እኔ እዚህ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን ነው የምቀዳው። ብሩክን በግማሽ ልደግፈው ነው። «የክፍለ ዘመኑ ምርት» ማለት እውነትም ልማድ ሆኗል። ምክንያቱ የሽያጩ መንገድ ነው። የቦርዶ ታላላቅ ቤቶች ወይኑን ገና በርሜል ውስጥ እያለ ነው የሚሸጡት። ለቀማው መስከረም ጥቅምት ላይ ያልቃል፣ በሚቀጥለው ጸደይ፣ አፕሪል አካባቢ፣ ነጋዴና ጋዜጠኛ ከየዓለሙ መጥቶ ይቀምሳል። ከዚያ ዋጋ ይወጣል። ገዢው ዛሬ ከፍሎ ጠርሙሱን የሚያገኘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እስኪ አስቡት፣ ያላለቀ ዕቃ ለመሸጥ ምን ማለት አለብህ? «ዘንድሮ ልዩ ነው» ነዋ።

ሮበርት ፓርከር የሚባለው አሜሪካዊ ቀማሽ ስሙ የገነነው የ1982ን ምርት ሌሎቹ ሲያመነቱ እሱ አምርሮ ስላደነቀ ነው። ከዚያ በኋላ የአንድ ሰው ነጥብ የቦርዶን ዋጋ ያወጣና ያወርድ ነበር። ስለዚህ የዋጋው ልዩነት ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ አለ ብዬ አልምልም። 2016 ግን ብዙ ቀማሾች ሳይጣሉ የተስማሙበት ዓመት ነው። ቀምሼዋለሁ፤ ታኒኑ ብዙ ነው፣ ግን አይቧጭርም። ፍሬው ደርቆ የከረመ ሳይሆን ትኩስ ነው። ያ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው።

እርሳሱን በተመለከተ ዮኒ፣ እርሳስ ስትቀርጽ የሚወጣውን ሽታ አስታውስ። የእንጨቱና የውስጡ ጥቁር ነገር አንድ ላይ። የፖያክ ካበርኔ ሲቆይ ያ ሽታ አለው። አለቃህ ያልዋሸው እዚህ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሊያ_ዲሲ
ይሄ ሊንች የሚለው ስም ፈረንሳይኛ አይመስልም። እንግሊዞች ናቸው?

ሰናይት_ፓሪስ
አየርላንዳውያን ናቸው። የሊንች ቤተሰብ ከአየርላንድ ወደ ቦርዶ የመጣ ነው፣ እርሻውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያዘው። ባዥ ደግሞ ፖያክ ውስጥ ያለች መንደር ነች። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የካዝ ቤተሰብ ነው የያዘው። መጀመሪያ ተከራይተው፣ በ1939 ገዙት። ዣን-ሚሼል ካዝ ነው ስሙን ዓለም ላይ ያወጣው፣ በ2023 አረፈ። እንግዳ ለማዝናናት የሚሆን ነገር ልስጥህ ዮኒ፦ በ1985 ፓትሪክ ቦድሪ የሚባል ፈረንሳዊ ጠፈርተኛ በአሜሪካ መንኮራኩር ሲወጣ የ1975 ሊንች-ባዥ ግማሽ ጠርሙስ ይዞ ሄዷል።

በ1855 ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን የሜዶክ ወይኖች ደረጃ ይውጣላቸው ሲል ደላሎቹ ያኔ በሚሸጡበት ዋጋ ከአንድ እስከ አምስት መደቧቸው። ሊንች-ባዥ አምስተኛ ደረጃ ላይ ነው። ዛሬ ዋጋው ከብዙ የሦስተኛና የአራተኛ ደረጃ ወይን ይበልጣል። ደረጃው ግን አይነካም። ከዚያ ወዲህ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ የወጣው ሙቶን-ሮትሽልድ ብቻ ነው፣ እሱም በ1973።

ዮኒ_ዱባይ
ጠፈሩን ዛሬ ማታ እጠቀምበታለሁ። አሁን ደግሞ ከለቀማ በኋላ ያለውን ንገሩኝ። ማርትዬ፣ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?

ማርታ_ሜዶክ
ከለቀማው በፊት ካለው ልጀምር፣ ምክንያቱም ለእኔ የሚጥመኝ እሱ ነው። ለቀማው ሊደርስ ሲል አለቃው በየረድፉ እየዞረ ፍሬ ይቀምሳል። ላቦራቶሪ አለ፣ ስኳሩና አሲዱ ይለካል። ግን እሱ ይቀምሳል። ፍሬዋን አፉ ውስጥ ያፈነዳታል፣ ልጣጩን ለብቻው ያኝካል፣ ከዚያ ዘሯን መዳፉ ላይ ተፍቶ ያያታል። አረንጓዴ ከሆነች ፊቱን ያዞራል። ቡናማ ከሆነችና ጥርስ ስር ስትገባ ቀጭ ካለች «ነገ» ይላል። 2016 ላይ «ነገ» ሳይል ብዙ ቆየ። እኛ ለቃሚዎቹ መጽሐፍ እያነበብን ጠበቅን። ደመወዝ የሚቆጠረው ስንለቅም ስለሆነ ሁላችንም ደስ አላለንም፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚያ በእጅ ይለቀማል። ፍሬው ከዘለላው ይፈለፈላል። አንዳንድ ቤት ካሜራ ያለው ማሽን አለ፤ ፍሬውን አንድ በአንድ እያየ ያልበሰለውን በአየር ግፊት ተፍቶ ይጥለዋል። የ2013 ዓይነት ዓመት ላይ ይህ ማሽን ሕይወት ነው። በ2016 የሚጥለው ብዙም አልነበረም። ገንዘብ ያለው ቤት በመጥፎ ዓመት ከሌለው ቤት ያነሰ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ብሩክ፣ ይህም ዕድል ነው ካልክ አልከራከርህም።

ፍሬው ጋን ውስጥ ይገባል፤ ብረት ነው ወይ እንጨት ወይ ሲሚንቶ። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፣ ጋኑ ይሞቃል፣ ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ጭማቂውን ከታች እየሳብን በልጣጩ ላይ እናፈሰዋለን፣ ቀለሙና ታኒኑ እንዲወጣ። የ2016 ጥበብ እዚህ ላይ ነበር። ልጣጩ ውስጥ ያለው ታኒን ብዙ ስለነበር ከልክ በላይ የነካካው ሰው ምላስ የሚያደርቅ ወይን አወጣ። ጎበዞቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ትንሽ ትንሽ ነበር የምናፈሰው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ከልጣጩ ጋር ይቆያል፣ ከዚያ ይቀዳል፣ የቀረው ይጨመቃል። ቀጥሎ ሌላ ለውጥ አለ፤ ባክቴሪያ ኮምጣጣውን አሲድ ወደ ለስላሳው ይቀይረዋል።

ክረምቱ ላይ፣ የፈረንጁን ክረምት ነው የምለው፣ ቅልቅሉ ይወሰናል። እያንዳንዱ ማሳና ዝርያ ለብቻው ነው የተጠመቀው። ሊንች-ባዥ 2016 ሦስት አራተኛው ገደማ ካበርኔ ሶቪኞን ነው፤ ሜርሎ ቀጥሎ፣ ካበርኔ ፍራንና ፔቲ ቨርዶ ትንሽ ትንሽ። ያልተመረጠው ኤኮ ደ ሊንች-ባዥ በሚባለው ሁለተኛ ወይን ይገባል፣ ዋጋው ቀለል ይላል።

ከዚያ በርሜል። 225 ሊትር የኦክ በርሜል፣ 300 ጠርሙስ ይወጣዋል። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይቀመጣል። በየሦስት ወሩ ወይኑን ከአምቡላው እንለየዋለን። አሁንም በሻማ ነው የምንሠራው። ከበርሜሉ ሥር ወይኑ ይወርዳል፣ እኔ ብርጭቆ ይዤ በሻማው ፊት አያለሁ። ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ድንገት ክር የምትመስል ድፍርስ ነገር ትገባበታለች። «ቁም!» ነው። የቀረው አምቡላ ነው። በመጨረሻ የእንቁላል ነጭ ተመትቶ ይጨመርበታል፣ ለአንድ በርሜል አምስት ስድስት እንቁላል። ሻካራውን ታኒን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል።

ሊያ_ዲሲ
ቆይ ቆይ። እንቁላል? ስለዚህ የጾም አይደለም ማለት ነው!

ማርታ_ሜዶክ
ሃሃ፣ ሊያ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እንቁላሉ ይዘቅጣል፣ ወይኑ ከላይ ይቀዳል፣ የሚቀር ነገር ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። ሁሉም ቤት አይጠቀምበትም፣ ምንም ሳይጨምሩ የሚያሽጉም አሉ። የቀረውን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ የመጥመቂያ ቤት ሠራተኛ ነኝ።

ብሩክ_ሲኤምሲ
በጾም ሊንች-ባዥ የምትጠጣ ሰው የእንቁላሉ ጉዳይ ከሌላው ኃጢአት አንጻር ምንም አይደለም።

አቤል_ገርጂ
ጥያቄ አለኝ። የዝዋዩ ወይንስ? እሱም ጠርሙሱ ላይ ዓመት አለው። እነሱም ጥሩ ዓመትና መጥፎ ዓመት አላቸው?

ጋሽ_ተፌ
አቤል፣ ዝዋይና ቦርዶ ዝምድና አላቸው። ዝዋይ ላይ የተከለው የካስቴል ድርጅት የቦርዶ ልጅ ነው፤ በ1949 እዚያው በወንድማማቾችና እህትማማቾች የተመሠረተ። እኛ ቢጂአይ በሚለው ስም ነው የምናውቀው። ሪፍት ቫሊና አካሺያ ገበያ የወጡት በ2014 ነው፣ በፈረንጅ። ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞንም አሉበት፣ ሲራም። ግቢው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦርዶ ጉማሬ የላትም።

ዓመቱ ላይ ግን ይለያያሉ። ቦርዶ ብርድ አለ። ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሐረጉ ይተኛል፣ ጸደይ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። መቼ እንደሚነሳ ሰው አያዝዘውም። ቀድሞ ከተነሳና ውርጭ ከመጣ አለቀ። የ2017ን እዩት፣ ከ2016 ቀጥሎ ያለውን። አፕሪል መጨረሻ ላይ ውርጭ ቡቃያውን አቃጠለውና የቦርዶ ምርት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ዝዋይ እንቅልፍ የሚያስተኛ ብርድ የለም። ሐረጉን የሚቀሰቅሰው መቀሱ ነው። ዛሬ ከከረከምከው ከዛሬ ጀምሮ መቁጠር ነው። ስለዚህ ፍሬው የሚበስልበት ወቅት ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ጋር እንዳይገናኝ አስልተህ ትከረክማለህ። ውኃም ብትፈልግ ታጠጣለህ። ቦርዶ ግን ፍሬ የሚሰጥ ሐረግ ማጠጣት በመሠረቱ በሕግ የተከለከለ ነው። በ2016 ጁላይና ኦገስት ባለቤቶቹ ቆመው ከማየት ሌላ የሚያደርጉት አልነበረም። እኔ ዓመት ዓመቱን ለማወዳደር የምፈልገው እንዲህ ያለውን ወይን ነው። መስኖ ያለበት ቦታ ላይ ዓመቱ የሚለው ነገር ያነሰ ነው፤ የለም ግን አልልም።

ዮኒ_ዱባይ
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሰናይት፣ ከምን ጋር ልምከራቸው? ሁሉም ስቴክ ነው የሚለኝ።

ሰናይት_ፓሪስ
በግ። ፖያክ ራሱ በወተት ባደገ የበግ ግልገል የታወቀ ሰፈር ነው፣ የአገሩ ሰው ሊንች-ባዡን ከእሱ ጋር ነው የሚጠጣው። ለእኛ ሰው ብዙ ሚጥሚጣ ያልገባበት የበግ ጥብስ ይሆናል። ዶሮ ወጥ ጋር አታቅርበው። በርበሬው ታኒኑንም አልኮሉንም ያባብሰዋል፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። ዶሮ ወጥ ጠጅ አለው፣ ምን ጎደለው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግዳህ የ2016 ዋጋ ከበዛበትና 2013ም ካላማረው፣ ዝርዝራችሁ ላይ 2014 ካለ እሱን ንገረው። በጋው ቀዝቃዛ ነበር፣ ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ግን ደረቅና ፀሐያማ ሆነው አዳኑት። ወሬ ስላልበዛበት ዋጋው አልተሰቀለም።

ማርታ_ሜዶክ
ሰናይት ምስጢራችንን አወጣሽው። እኔም ለራሴ የምገዛው 2014 ነው።

አቤል_ገርጂ
እና የኔ ጠርሙስስ? እኔን ረሳችሁኝ።

ማርታ_ሜዶክ
አልረሳሁህም። መጀመሪያ ከቡፌ ላይ አውርደው። ማቀዝቀዣ ላይም አይሁን፣ ሞተሩ ያሞቀዋል፣ ያንቀጠቅጠዋልም። ጨለማ ያለበት ቁም ሣጥን ታችኛው ክፍል፣ ጋደም አድርገህ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ከዱባይ በብዙ ይሻልሃል። የኛ ጓዳ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው፣ ያንተ ትንሽ ቢሞቅም ዋናው መዋዠቁ ነው የሚጎዳው።

መቼ ይከፈት? 2016 ሊንች-ባዥ ገና ነው። ብትችል ከፈረንጅ 2030 በኋላ ብታደርገው። ካልቻልክ፣ ለሠርግ ወይ ለምርቃት ፈልገኸው ከሆነ፣ ከሁለት ከሦስት ሰዓት በፊት ክፈተውና ሰፋ ባለ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው፣ ይተንፍስ። ታች የሚቀረውን ዝቃጭ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ተወው።

ግን ቅድሚያ አንድ ነገር እይልኝ። ቡፌው ላይ በፀሐይ የቆየ ከሆነ ሊጎዳ ይችላል። ብርሃን ላይ ያዘውና ወይኑ ከቡሹ ምን ያህል እንደራቀ እይ። ቡሹ ከአንገቱ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ተገፍቶ ከሆነ፣ ወይም አንገቱን የሸፈነው ቆርቆሮ ሥር የተጣበቀ የደረቀ ወይን ካለ፣ ሞቆታል ማለት ነው። ያኔ 2030ን አትጠብቅ።

አቤል_ገርጂ
አሁን አየሁት። ቡሹ አልተገፋም። ቆርቆሮው ግን በአንድ በኩል ትንሽ ያጣብቃል፣ ወይን ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። እናቴ ቡፌውን በዘይት ነው የምትወለውለው።

ማርታ_ሜዶክ
አሽትተው። ኮምጣጤ ከሸተተህ ቅዳሜ ክፈተው፣ የበግ ጥብሱን እናትህን አስለምናቸው። ዘይት ከሸተተህ ጨርቅ አድርገህ ጥረገውና ወደ ቁም ሣጥኑ።